ከቤት ካርታ እስከ ቀበሌ መታወቂያ፦ የአዲስ አበባ የሰፈር ምርጫ አጭር ታሪክ

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላል ያገራችን ሰው። የሰፈርን ችግር ጠንቅቆ የሚያውቀው የሰፈሩ ነዋሪ ነው፤ መላውንም ለእርሱ መተው ይበጃል ሲል ነው። ምርጫ በተነሣ ቁጥር ግን ዐይናችን የሚያማትረው ወደ ትልቁ ሸንጎ ነው። ለፓርላማ ማን ገባ፣ ማን ቀረ እያልን ስንከራከር፣ መታወቂያችንን የሚያድስልን፣ ቤት የሚያከራየን፣ ጋብቻችንንና ልደታችንን የሚመዘግብልን የታችኛው ጽሕፈት ቤት በማን ፈቃድ እንደቆመ የምንጠይቀው ጥቂቶች ነን። የአዲስ አበባን የሰፈር ምርጫ ታሪክ መለስ ብሎ መቃኘት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሰፈሮቿ የተመሠረቱት በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ነበር። የራስ መኰንን ሰፈር፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ የደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሰፈሩን የሚያስተዳድረው ባለ ግቢው ነበርና፣ ነዋሪው አስተዳዳሪውን ይመርጣል የሚለው አሳብ ገና አልተወለደም ነበር።

ከጠላት ወረራ በኋላ ነገሩ መልክ መያዝ ጀመረ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ማዘጋጃ ቤቶችን በሕግ አቆመ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አዲስ አበባ የራሷን ቻርተር አገኘች። ከንቲባውን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ ከምክር ቤቱ አባላት ከፊሎቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ይወክላሉ፤ የቀሩት ከየወረዳው በምርጫ ይመጣሉ። ይሁን እንጂ መራጭ ለመሆን በከተማዋ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዝ ያስፈልግ ነበር። የከተማዋ ሕዝብ አብዛኛው በኪራይ ቤት የሚኖር ስለነበረ፣ የቤት ካርታ የሌለው ተከራይ ድምፅም አልነበረውም። ጭቃ ያቦካው፣ ድንጋይ የጠረበው፣ በየጉልቱ የሚቸረችረው ሁሉ ለከተማዋ ባዕድ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ይህን ሥርዓት ከሥሩ የገለበጠው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ከተማዋ በአንድ ቀን ጌታዋን ለወጠች። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች አዲስ ለተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄዱ። የኪራይ ዋጋም ተቀነሰ። ትናንት ድምፅ ያልነበረው ተከራይ በቀበሌው ስብሰባ እጁን አውጥቶ የሚመርጥ፣ ራሱም የሚመረጥ ሰው ሆነ። ለመጀመሪያው ጊዜ ደግሞ ትርፍ ቤት የተወረሰባቸው ሰዎች ከመምረጥም ከመመረጥም ተገለሉ። ትናንት ለድምፅ መብት የሚያበቃው ንብረት፣ ዛሬ ከመብቱ የሚያስወጣ ሆነ። መለኪያው ተገለበጠ፤ ነዋሪውን ከፍሎ መለካቱ ግን ቀጠለ።

ቀበሌ ሲጀመር ብዙ ሰው ተስፋ ጥሎበት ነበር። በዚህ አዋጅና በተከታዩ አዋጅ ቁጥር 104/1969 መሠረት የራሱ ፍርድ ሸንጎ፣ የራሱ ሱቅ፣ የራሱ ጥበቃ ነበረው። ከቀበሌ በላይ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ በላይ የከተማው ምክር ቤት ተደራጀ። አዲስ አበባ በ25 ከፍተኞችና ወደ 300 በሚጠጉ ቀበሌዎች ተከፈለች። ነገር ግን የቀበሌው ሥልጣን ገና ሥር ሳይሰድድ የቀይ ሽብር ዘመን መጣ። ጎረቤቱን እንዲወክል የተመረጠው ሰው መሣሪያ ታጥቆ ጎረቤቱን እንዲጠብቅ፣ እንዲያስርም ተደረገ። በቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ የታሰሩት፣ ከዚያም ወጥተው ያልተመለሱት ወጣቶች መታሰቢያ ዛሬም ከብዙ ቤተሰብ ልብ አልጠፋም። ሽብሩ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀበሌ ራሽን የሚያከፋፍል ሆነ። ስኳሩም ጤፉም በቀበሌ ካርድ ይገኝ ነበር። ዳቦውን የሚሰጥህን ሰው በነፃነት መምረጥ፣ ይልቁንም መሻር፣ እንዴት ያለ ከባድ ነገር እንደሆነ አንባቢ ልብ ይበል።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የዘመቻው ሰሌዳ ወረደ፤ ቀበሌ ግን ቆየ። የቀበሌ ቤት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ እንደነበሩ ቀጠሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር መብት ሰጠ። በ1995 ዓ.ም. የተሻሻለው ቻርተር ሲወጣ ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ ቀበሌዎቿም ቁጥራቸው ቀንሶ ኋላ 99 ሆኑ።

ቀጥሎ የመጣው ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ሆኖም በተከተለው ውዝግብና እስራት ምክንያት የተመረጠው ምክር ቤት ሥራውን ሳይጀምር ቀረ፤ ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. ከተማዋ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ በሚመራ ባላደራ አስተዳደር ተዳደረች። በዚያ የምርጫ ቀን ሕዝቡ የመረጠው ለላይኛው ምክር ቤት ስለነበረ፣ የቀበሌው ወንበር በቀድሞው እጅ እንዳለ ነበር።

የታችኛው ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ነው። የእያንዳንዱ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ በመደረጉ፣ በመላ አገሪቱ የሚሞላው ወንበር ከሦስት ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ተሳትፎን ያሰፋል የተባለው ይህ ቁጥር፣ ያን ያህል ዕጩ ማቅረብ የሚችለው በየመንደሩ መዋቅር ያለው ገዢ ፓርቲ ብቻ መሆኑንም አሳየ። ከተቃዋሚዎቹ ዋና ዋናዎቹ ከውድድሩ ወጡ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 33 ፓርቲዎች ከምርጫው ራሳቸውን አገለሉ። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነዋሪው ለከተማው ምክር ቤትና ለተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥም የሰፈሩ ምርጫ አብሮ አልነበረም።

በዚህ መካከል በ2000ዎቹ መጀመሪያ የከተማዋ ቀበሌዎች በ116 ወረዳዎች ተተክተዋል። ነዋሪው ግን ዛሬም «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ይላል። ስሙን የለወጠው አዋጅ ልማዱን አለመለወጡ አያስገርምም፤ ሰው ወደዚያ ቢሮ የሚሄደው አገልግሎት ፈልጎ፣ ወረቀት ለምኖ እንጂ የወከለውን ሰው ሊጠይቅ አይደለምና።

የአዲስ አበባ ሰው መምረጥ አያውቅም እንዳይባል በየሰፈሩ ዕድር አለ። የዕድሩ ዳኛ በአባላቱ ይመረጣል፤ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ሒሳባቸውን በጉባኤ ፊት ያቀርባሉ፤ ያጎደለ ይጠየቃል፣ ይሻራልም። እነዚያው ጎረቤቶች በወረዳው አዳራሽ ሲሰበሰቡ ዝም የሚሉት፣ በድንኳኑና በሣጥኑ ላይ ያላቸው ሥልጣን በወረዳው ላይ ስለሌላቸው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሚሠራው ሹመቱን የሚሰጠውም የሚነሣውም ከላይ ሲሆን ነው።

ንብረት ያለው ብቻ የመረጠበት ዘመን አለፈ፤ ንብረት የነበረው የተገለለበትም አለፈ። የቀረው ሁሉም መራጭ ሆኖ ለሰፈሩ ግን የሚመርጥበት ቀን የራቀበት ዘመን ነው። ለወደፊቱ የሰፈር ምርጫ ሲጠራ፣ ዕጩው ስለ አገር ታላቅነት ከመናገሩ በፊት ስለ ቦዩ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ቀበሌ ቤቱ ጣራ እንዲመልስ ብንጠይቀው፣ ያን ተከራይ በ1967 ዓ.ም. እጁን ያወጣበትን ተስፋ በጥቂቱም ቢሆን እንከፍለው ነበር።