ያልመጣው በሽታና የወደቀው የዶሮ ዋጋ

በ1998 ዓ.ም. «የወፍ ጉንፋን ኢትዮጵያ ገባ» ተብሎ አገር ተሸበረ። በሽታው አልገባም ነበር። ወሬው ግን ገባ፤ የሚጎዳውን ጎድቶም አለፈ። ጉዳቱ በአብዛኛው ያረፈው በሴቶች ላይ ነው። በጓሮ ዶሮ የሚያረቡት፣ እንቁላል የሚሸጡት፣ በበዓል ዋዜማ ገበያ የሚወጡት እነሱ ናቸውና። በማኅበራችን ከዶሮና ከእንቁላል የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፍኑ እህቶች ስላሉ፣ የዚያን ዓመት ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅመናል።

በሽታውን የሚያመጣው ኤች5ኤን1 የተባለው ቫይረስ በዓለም ዘንድ ስሙ የገነነው በ1989 እና በ1990 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎች ተይዘው 6ቱ ሞቱ፤ የከተማው ዶሮ በሙሉ እንዲታረድ ተደረገ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሽታው በሩቅ ምሥራቅ አገሮች ተዛመተ። ያም ሆኖ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ነበር። በ1998 ዓ.ም. የገና ሰሞን ግን ቱርክ ውስጥ ልጆች በዚሁ በሽታ መሞታቸው ተሰማ። የካቲት 1 ቀን በናይጄሪያ የዶሮ ርባታ መገኘቱ ተረጋገጠ። ወደ አፍሪካ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የካቲት 10 ቀን ግብፅ ገባ፤ በሚያዝያ ሱዳን፤ ግንቦት 4 ቀን ደግሞ በጅቡቲ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን መያዟ ተረጋገጠ። በጥቂት ወራት ውስጥ በሽታው ጎረቤታችን ሆነ ማለት ነው።

ከተያዙት ሰዎች ግማሽ ያህሉን የሚገድል በሽታ ነውና ሰው መፍራቱ አያስወቅሰውም። አዲስ አበባ ደግሞ የጉንፋንን ክፋት ታውቀዋለች። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ፣ ዓለም «የስፔን ጉንፋን» የሚለው፣ በከተማዋ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጨርሷል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የተረፉት። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው ያንን እያስታወስን ነው። የዚያ ጉንፋን ቫይረስም ከአእዋፍ ቫይረስ ጋር የቅርብ ዝምድና እንደነበረው ሳይንቲስቶች ከጊዜ በኋላ አረጋግጠዋል።

በእኛ በኩል፣ በቦሌና በከተማዋ ምሥራቅ፣ ሥጋቱ በሁለት መንገድ ይመጣ ነበር። አንደኛው አውሮፕላን ማረፊያው ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው ያላሰበው የቢሾፍቱ መንገድ ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የከተማችን የፈረንጅ ዶሮና እንቁላል በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነው። ሐይቆቿም ከዝዋይና ከሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጋር ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ አእዋፍ የሚከርሙባቸው ናቸው። የዱር ወፍና የዶሮ ርባታ በአንድ አካባቢ መኖራቸው ባለሙያዎችን ያሳሰባቸው በከንቱ አልነበረም።

በዚያው ወራት በጉራጌ ዞን ጉብሬ በሚገኝ የመንግሥት የዶሮ ብዜት ማዕከል ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ አለቀ። «በርድ ፍሉ ነው» ተባለ፤ ወሬው ምርመራውን ቀድሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በመጨረሻ የወፍ ጉንፋን አለመሆኑ ታወቀ። ግን «ገባ» የተባለውን የሰማ ሁሉ «አይደለም» የተባለውን አልሰማም። ክፉ ወሬ በየታክሲውና በየቡና ስኒው ይሮጣል፤ ማስተባበያው አንድ ጊዜ በሬዲዮ ተነግሮ ያልፋል።

የገበያው ነገር እንዲህ ሆነ። በጊዜው የተደረገ ጥናት እንደ መዘገበው፣ በአዲስ አበባ የዶሮ ፈላጊ የቀነሰው ከሩብ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዋጋው ግን በግማሽና ከዚያም በላይ ወደቀ። ሦስት አራተኛው ገዥ ሳይቀር፣ ዋጋው ስለ ምን በግማሽ ይወርዳል? ዶሮ እንደ ጤፍ ጎተራ ገብታ ዋጋ እስኪሻላት አትቆይም። በቆየች ቁጥር መኖ ትበላለች። ከገጠር ሦስት ዶሮ አንጠልጥላ ሾላ ገበያ የመጣች ሴት ሳትሸጥ ከተመለሰች የመጓጓዣዋን ከየት ታመጣለች? ስለዚህ በተጠየቀችው ዋጋ ትሰጣለች። ገዥውም ይህን ያውቃል። ፍርሃቱን የተካፈለው ሁሉም ነው፤ ኪሳራውን የተሸከመችው ግን መጠበቅ የማትችለዋ ናት።

የጊዜውም አጣጣል ክፉ ነበር። የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 20 ገባ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 15 ዋለ። በጾም ዶሮ አይሸጥም፤ ዶሮ አርቢ በጾሙ ወራት መግባ የምታሳድገው ለፋሲካ ገበያ ብላ ነው። ሱዳን ገባ የተባለው እንግዲህ ፋሲካ በደረሰበት በዚያው ሚያዝያ ነው። በአገራችን ከ100 ዶሮ ከ90 የሚበልጠው በየቤቱ ጓሮ የሚረባ ነው። ለዚያች ሴት ዶሮዋ የቁጠባ ደብተሯ ናት። ባሏን ሳታስፈቅድ የምታዘው ገንዘብም እሱ ብቻ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው።

ፍርሃቱ ሌላም ስሕተት ነበረበት፤ የፈራው የማያስፈራውን ነው። ቫይረሱ በ70 ዲግሪ ሙቀት ይሞታል። ዶሮ ወጥ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ይንተከተካል። የታመመች ዶሮ ብትኖር አደጋው ያለው ወጡ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው፤ ስትታረድ፣ በፈላ ውኃ ተነክራ ስትነጭ፣ ሆድ ዕቃዋ ሲወጣና ሲታጠብ። ያንን የሚሠራው ማነው? የቤት እመቤቷና የቤት ሠራተኛዋ። በግብፅ መጋቢት 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የሞተችው ሴት ዶሮ በቤቷ ታረባ የነበረች ናት፤ ከእሷ በኋላ ከተያዙትም ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው። እዚያ መንግሥት የቤት ዶሮ ይወገድ ብሎ ሲያዝ፣ ካሣ የማያገኙ እናቶች ዶሯቸውን ደበቁ። ችግረኛን ያለ ካሣ ንብረቷን አስረክቢ ማለት በሽታን ደብቂ ማለት ነው።

እናቶቻችን የዶሮ እልቂት ለማወቅ በርድ ፍሉን አልጠበቁም፤ ፈንግልን ያውቁታል። ፈንግል በገባበት መንደር ዶሮ በአንድ ሳምንት ያልቃል። ሰውም የታመመችውን ሳትሞት ልሽጣት ብሎ ወደ ገበያ ይሮጣል፤ በሽታውም አብሮ ይሄዳል። የወፍ ጉንፋን ቢመጣ የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ነው። የፈንግል ክትባት ግን እዚሁ ቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ይመረታል። በድንገት የሚያልቅ ዶሮ ሁሉ በርድ ፍሉ እንዳይመስለን የሚረዳንም እሱ ነው፤ ፈንግልን የተከላከለች መንደር የቀረውን ሞት ለይታ ታያለች።

ነገሩ አንድ ጊዜ ሆኖ የቀረ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በሚገኙ ርባታዎች የዶሮ በሽታ ታይቶ፣ የዶሮና የዶሮ ውጤቶች ዝውውር ለጊዜው ታግዶ ነበር። እገዳው ለጤና ተገቢ ሊሆን ይችላል። መኖ በብድር የገዛች ሴት ግን ዕዳዋ አይታገድላትም።

ስለዚህ ለአባላትም ለደጋፊዎቻችንም የምለው ይህ ነው። ለሴቶች ጫጩት ማደል መልካም ነው፤ ገበያ ሲዘጋ የምትቆምበት ከሌላት ግን የሰጠናት ዶሮውን ከነዕዳው ነው። ከየወሩ ቁጠባችን ጥቂቱ ለዚህ ቢቀመጥ፣ ደጋፊዎቻችንም ለጫጩት ከሚሰጡት ላይ ለመኖና ለክትባት ቢያስቡ፣ አንዲት አርቢ ወሬ እስኪበርድ ሁለት ሦስት ሳምንት ዶሮዋን በእጇ ማቆየት ትችላለች። የሁላችንም ዶሮ በአንድ ቀን ይከተብ። አዲስ የተገዛች ዶሮ ከነባሮቹ ሳትቀላቀል ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። ዶሮ በአንድ ጊዜ ከሞተብን አንሽጥ፣ አንብላ፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንናገር። ምርመራው «አይደለም» ያለ ቀን ደግሞ፣ «ገባ» የተባለውን ባወራንበት አፍ ያንንም ቤት ለቤት እናውራው። በ1998 ዓ.ም. የቀረው ይህ ነበር።