ርካሽ የእጅ ባትሪዎች፦ የሊትየም ድንጋያቸውን ቻርጅ ከማድረጋችን በፊት

መብራት ሲጠፋም ሆነ ጎህ ሳይቀድ ለሱብሒ ሶላት ስንወጣ የኤል ኢ ዲ የእጅ ባትሪ የማይዝ ጥቂት ነው። ዋጋው ቀንሷል፣ ብርሃኑም ከድሮው ባለ አምፖል ባትሪ በብዙ ይበልጣል። አደጋ የሚመጣው በውስጡ ካለው ድንጋይና ከአሞላላችን ነው።

ቻርጅ የሚደረጉት ርካሽ የእጅ ባትሪዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰኩት ብዙዎቹ እንደ መኪና ባትሪ ያለ፣ ግን አነስተኛ፣ ባለ 4 ቮልት ሊድ አሲድ ይይዛሉ። በዩኤስቢ ገመድ የሚሞሉት ደግሞ የሊትየም ድንጋይ አላቸው። ከእነዚህ በጣም የተለመደው 18650 የሚባለው ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ማለት ሲሆን የመጨረሻዋ ዜሮ ድቡልቡል ቅርጹን ታመለክታለች። መደበኛ ቮልቴጁ 3.7 ሲሆን ሙሉ በሙሉ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል።

ይህችን 4.2 ያዙልን። የሊትየም ድንጋይ ከዚያ አልፎ ከተሞላ ውስጡ ይግላል፣ ጋዝ ይፈጥራል፤ ሙቀቱ ከተወሰነ ደረጃ ካለፈ ደግሞ ራሱን በራሱ እያባባሰ እሳት እስከ መትፋት ይደርሳል። ትክክለኛ ቻርጀር 4.2 ላይ ሲደርስ ቮልቴጁን እዚያው ይዞ ከረንቱን እየቀነሰ ያቆማል። ሊድ አሲድ ግን ሲሞላ ወደ 4.8 ቮልት ይጠጋል፤ በርካሾቹ ውስጥ ያለው መሙያም ብዙ ጊዜ ሞላ ብሎ የሚያቆም ነገር የለውም። ስለዚህ የሞተውን ሊድ አሲድ አውጥቶ፣ ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ ሊትየም በቦታው ልተካላችሁ የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ አትስማሙ። ለጥቂት ቀናት በደንብ ማብራቱ አያታላችሁ፤ ሶኬት ላይ በተሰካ ቁጥር ድንጋዩ ካቅሙ በላይ እየተሞላ ነው። የስልክ ቻርጀር ገመድ ቆርጦ ሽቦውን በቀጥታ ድንጋዩ ላይ ማሰርም ያው ነው፤ የሚሰጠው 5 ቮልት ነውና። ዩኤስቢ መሰኪያ ያለው ባትሪ በስልክ ቻርጀር የሚሞላው መቆጣጠሪያው በውስጡ ስላለ ብቻ ነው።

ሶኬት ላይ በሚሰኩት ባትሪዎች ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቹ ትራንስፎርመር ስለሌላቸው፣ እንደተሰኩ ተከፍተው ውስጣቸው ቢነካ 220 ቮልቱ ሰው ሊይዝ ይችላል። ለልጆች መጫወቻ አይሰጡም።

ስንገዛስ? 9900 ኤም ኤ ኤች የሚል ጽሑፍ ያለበት 18650 ካያችሁ ጽሑፉ ውሸት ነው፤ ጥሩ የሚባለው እንኳ በአብዛኛው ከ2000 እስከ 3500 ነው። ሚዛንም ይመሰክራል። ደህናው 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ 30 ግራም የሚመዝን ከሆነ ጎዶሎ ነው።

2500 ኤም ኤ ኤች የሆነ ድንጋይ በ1 አምፒር ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ መሰካት አያስፈልግም። ሲሞላ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ይቀመጥ፤ ፍራሽ፣ ሶፋና ምንጣፍ ላይ፣ በተለይ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ አይሆንም። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም እንዲሁ፤ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊትየም ቻርጅ አይደረግም። ልባሱ የተቀደደ፣ የተጨፈለቀ ወይም ሲሞላ እጅ የሚያቃጥል ድንጋይ ይወገድ። ብቻውን ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አይያዝ፤ ብረቱ ጫፍና ጫፉን ካገናኘው ሾርት ያደርጋል።

እሳት ከተነሳ ቅድሚያው ሰውን ማውጣት ነው፤ ጭሱ መርዛማ ነው። ማጥፋት የሚቻል ሆኖ ከተገኘም መጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት፣ ከዚያ ድንጋዩ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ውኃ ማፍሰስ ነው።

ለዑምራም ሆነ ለሌላ ጉዞ በአውሮፕላን የምትሄዱ ደግሞ፣ መለዋወጫ የሊትየም ድንጋይ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ አይፈቀድም። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙት።