ከጓሮ ወደ ቆሼ

ልደታ ሠፈር ያደገ ሰው ከልጅነቱ ሁለት ነገር ይዞ ይቀራል፤ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ የሚሰማውን ደወልና የአመድ መድፊያውን። የደወሉን ለሌላ ጊዜ ላቆየውና ስለ አመድ መድፊያው ላውጋችሁ።

ያደግሁበት ግቢ ብዙ አባወራ ተጠጋግቶ የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ነበር። ከማድቤቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ አንድ ጉድጓድ አለ። የምድጃው አመድ፣ የሽንኩርቱና የድንቹ ልጣጭ፣ የቡናው አተላ፣ የደጁ ጥራጊ፣ ከጎመኑ የተቀነጠሰው ቢጫ ቅጠል፣ ሁሉም መሄጃው እዚያ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል አያቴ ጉድጓዱን በዶማ ትከፍተውና ጥቁሩን አፈር በጣሳ እየዛቀች ከጌሾዋና ከጎመኗ ሥር ትጨምረው ነበር። «ማዳበሪያ» የሚለውን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። «አፈሩን ላጉርሰው» ነበር የምትለው።

ይህ የአያቴ ብልሃት ብቻ አልነበረም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የሠፈሮች ስብስብ ነበረች። በመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ጭፍራው ጎጆውን ይቀልሳል፤ ከጎጆው ጓሮ ጎመኑ፣ ጌሾውና በቆሎው ይበቅላል፤ ከብቱም እደጅ ነው። የሚበሰብሰው ወደ ጓሮ ይሄዳል፤ አጥንቱና ጥንቡ ለጅብ ይተዋል። የዘመኑ የውጭ አገር ተጓዦች ሌሊት ሌሊት ከተማይቱን ስለሚያጸዳው ጅብ ጽፈዋል። የመጀመሪያው የጽዳት ሠራተኛ እሱ ነበር ብንል ብዙም አልተሳሳትን።

ያን ጊዜ ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ደገኛው ገበሬ ደኑ ሲመነምንበት እበቱን ኩበት እያደረገ አነደደው፤ ለማሳው የሚገባው ሲሳይ ጢስ ሆኖ ወጣ። ጥቁር ሆኖ የቀረው ከቤቱ አጠገብ ያለው የጓሮ መሬት ነው፤ ራቅ ያለው ማሳ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄደ። የጉራጌ ገበሬ በአንጻሩ እንሰቱን ከደጁ ተክሎ እበቱንና የቤቱን ጥራጊ ሲመግበው ኖሯል። ከዚያ አገር መጥቶ በመርካቶና በአካባቢው ኑሮውን የመሠረተ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የፋብሪካ ማዳበሪያን በገበሬው ማሳ ላይ ማስሞከር ጀመረ፤ በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ የተቋቋመው «ካዱ»ም ከምርጥ ዘር ጋር አከፋፈለው። ዳፕና ዩሪያ ቀስ በቀስ የገበሬው ቋንቋ ሆኑ። በዚያው ሰሞን ማለት ይቻላል፣ አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ረጲ በተባለው ሥፍራ መድፋት ያዘች። ሕዝቡ ቦታውን «ቆሼ» አለው። ልብ በሉ፦ አፈር ሊሆን የሚችለው ነገር በመኪና ተጭኖ ወጥቶ ሲደፋ፣ የአፈሩ ምግብ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በመርከብ ይመጣ ጀመር። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ጣሪያ ሲነካ ገበሬው ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል።

ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ ልጣጭ፣ ትርፍራፊ፣ ቅጠል። ይህ ነገር አየር ካገኘ፣ እርጥቡ ከደረቁ ጋር ከተመጠነና አልፎ አልፎ ከተገላበጠ በራሱ ይግላል፤ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ አፈር አፈር የሚሸት ብስባሽ ይሆናል። አየር አጥቶ ከተቆለለ ግን ይከረፋል፤ የሚቀጣጠል ጋዝም ያመነጫል። በአያቴ ጉድጓድና በቆሼ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ የተጣለው ነገር ያው ነው።

በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ተዛወረ ተባለ። የአካባቢው ገበሬዎች ግን ሽታውና ከቆሻሻው የሚወርደው ፈሳሽ ቢያስመርራቸው ተቃወሙ፤ ቦታው በወራት ውስጥ ሥራ አቆመና መኪናው ወደ ቆሼ ተመለሰ። እነዚህ ገበሬዎች ፍግ የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም። የደረሳቸው ግን ከጎመን ልጣጩ ጋር ፌስታሉ፣ የባትሪ ድንጋዩ፣ ስባሪ ጠርሙሱና መርፌው የተቀየጠበት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ክምሩ ተንዶ ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ከነበሩት ወገኖቻችን ከ110 በላይ የሚሆኑት አለቁ። ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ሥራውን አላቃልልም፤ ነገር ግን እርጥብ ልጣጭ እሳት አይወድም፤ ውሃ ከማቃጠል አይተናነስም።

ሌላ መንገድ አልነበረም? ነበር እንጂ። እንግሊዛዊው አልበርት ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 በህንድ ኢንዶር ተቀምጦ ተረፈ ምርትንና እበትን ወደ ብስባሽ የሚለውጥበትን ዘዴ ሲያዳብር ከመምህሮቹ መካከል የአገሩን ገበሬዎች ይቆጥራቸው ነበር። በእኛም አገር ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1996 ከትግራይ ገበሬዎች ጋር ሥራ ጀመሩ። ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካልተጨመረበት ማሳ በእጥፍ ገደማ አመረተ፤ ዳፕና ዩሪያ ከተነሰነሰበትም የማያንስ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። የአፈሩ ምግብ ከደጅ ሊገኝ እንደሚችል በማሳ ታየ ማለት ነው። ከተማው ግን ከጉዳዩ ውጭ ሆኖ ቆየ።

እዚህ ላይ የቆራሌውን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም። ቆራሌው ብረቱን፣ ጠርሙሱንና አሮጌ ጫማውን እየጮኸ ከየደጁ ይገዛል፤ ዋጋ ያለውን ነገር መለየት ማንም አላስተማረውም። «ልጣጭ ያለው!» ብሎ የሚጮህ ግን ሰምቼ አላውቅም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ እያንዳንዱ ቤት ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ እንዲያስቀምጥ ደንግጎ ነበር። ደጃፋችን ላይ ግን ሁሉም በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ይታጨቃል፤ ክፍያውም ከውሃ ሂሳብ ጋር ስለሚታሰብ የለየም ያልለየም እኩል ይከፍላል። በነገራችን ላይ ከረጢቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ባዶው የዩሪያ ከረጢት ነው።

የልደታ አሮጌ መንደር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተከልበት ጓሮዎቹም አመድ መድፊያዎቹም አብረው ሄዱ። ምድጃው በኤሌክትሪክ ሲተካ አመዱም ቀረ። ከእነዚህ ፎቆች በአንዱ የሚኖሩ አንዲት የማውቃቸው ባልቴት ግን በረንዳቸው ላይ የቀለም ባልዲ በሚስማር በሳስተው ልጣጩን እዚያ ያጠራቅማሉ። መጀመሪያ ሸትቶ ጎረቤት ቢያጉረመርም፣ ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ እያስመጡ ይነሰንሱበት ጀመር፤ ሽታው ጠፋ። ከባልዲው የሚወጣውን ለቆስጣቸው ያደርጉታል፤ የተረፈውን ከግቢው ዛፎች ሥር ዘበኛው ይበትነዋል። ባለፈው ሳምንት ቆሻሻ የሚሰበስበው ልጅ ከረጢታቸውን አንሥቶ ቅልል ቢለው ጊዜ ግራ ገብቶት፣ «እማማ፣ ሰሞኑን ቤት አልነበሩም እንዴ?» አላቸው።