የወደብ ቁጥር በሱሉልታ፦ የቀዶ ሕክምና መሣሪያና በሰው ጉልበት የሚሠራ ዕቃ ዲዛይን በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች

አንድ አውቶክሌቭ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከመርከብ ወረደ እንበል። በኤሌክትሪክ የሚሠራውና ራሱን የሚቆጣጠረው ትልቁ ሳይሆን፣ ላምባ ምድጃ ወይም ከሰል ላይ የሚጣደው፣ ክዳኑ በብሎን የሚጠብቀው የማምከኛ ድስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውን ሐዲድ ተከትሎ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝና ሰበታ ይገባል። በመንገድ የደረሰበት ነገር የለም፤ ጎማው አልተላጠም፣ የመለኪያው መስታወትም አልተሰነጠቀም። ወደብ ላይ የነበረው ልክ ግን አብሮት አልመጣም፤ 2,350 ሜትር ያህል ዳገት ወጥቷልና።

ምክንያቱ የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው። እንፋሎት 121 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲደርስ ድስቱ ውስጥ 205 ኪሎፓስካል ያህል ፍጹም ግፊት ያስፈልጋል። ክዳኑ ላይ ያለው መለኪያ የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር የበለጠውን ብቻ ነው። ባሕር ዳርቻ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ስለሆነ መርፌው 104 ላይ፣ በሌላኛው መለኪያ 15 ፒኤስአይ ላይ፣ ሲቆም 121 ዲግሪ ተገኝቷል ማለት ነው። አምራቹም ምልክቱን እዚያ ላይ ያደርጋል። ሰበታ ላይ የውጭው አየር ወደ 76፣ ወደ 2,700 ሜትር በምትጠጋው ሱሉልታ ደግሞ ወደ 73 ኪሎፓስካል ይወርዳል። መርፌው እዚያው 104 ላይ ቢቆምም ሰበታ ያለው ድስት ውስጥ ያለው እንፋሎት 117፣ ሱሉልታ ያለው 116 ዲግሪ ነው። አምስት ዲግሪ ኢምንት ይመስላል። በማምከን ስሌት ግን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ጊዜ 10 እጥፍ ስለሚሆን፣ የአምስት ዲግሪ ጉድለት ጊዜውን ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። ወደብ ላይ 15 ደቂቃ የበቃው ሥራ ሱሉልታ ላይ 45 ደቂቃ ይፈልጋል። በመሣሪያው ጥቅል ላይ የተለጠፈው ጠቋሚ ቴፕ መጥቆሩም ማረጋገጫ አይደለም፤ ጥቅሉ ሙቀት ውስጥ ገብቶ መውጣቱን እንጂ መምከኑን አይናገርም። ውሃ አፍልቶ መሣሪያ መቀቀልማ ጭራሽ አይነሣ፤ ሱሉልታ ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ላይ ነው።

ይህን ስሌት መነሻ ያደረግሁት ስለ አንድ ድስት ለመሟገት ብቻ አይደለም። የሕክምና ዕቃ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ የትውልድ ቦታ አለው። የኢንዱስትሪ ዲዛይን ጥናት ዋና ሥራ፣ በእኔ አስተያየት፣ ያ ቁጥር እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን መመርመር ነው። እኛ አገር ዲዛይን ሲባል መልክ ማሳመር የሚመስለው ብዙ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል መስኩ ከጤና ጣቢያ ይልቅ ከወንበርና ከማሸጊያ ጋር የተቆራኘው።

የጉዳዩ ስፋት የሚያከራክር አይደለም። የላንሴት የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት 5 ቢሊዮን ሕዝብ ደህንነቱ የተጠበቀና አቅሙ የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና እንደማያገኝ፣ ክፍተቱን ለመሙላትም በየዓመቱ 143 ሚሊዮን ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ፣ ሐኪም ያልሆኑ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ጀምራ ነበር። የሰው ኃይሉ ወደ ወረዳ ወረደ፤ መሣሪያው ግን ለትልቅ ሆስፒታል እንደታሰበ ተከተለው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለዚህ ጥናት የሚመቹት ለዚሁ ነው። ከዋና ከተማዋ ጫፍ ላይ ስለሆኑ ማንም እንደ ገጠር አይቆጥራቸውም፤ መብራት ሲሄድ ግን እንደ ገጠር ይጨልማሉ። ከጊቤ ሁለት የኃይል ማመንጫ የሚመጣው ባለ 400 ኪሎቮልት መስመር የሚያበቃው ሰበታ ነው፤ በእሱ ጥላ ሥር ሆኖ ሻማ መፈለግን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

መብራት ከሌለ የሰው ጉልበት ይግባ የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይነሣል። የኔዘርላንዱ ዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ ስም ያተረፈ ነው፤ አርየን ያንሰን በሰው ጉልበት ስለሚሠሩ ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የዶክትሬት ጥናቱን ያቀረበው እዚያ ነው። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ኬንያ ሆስፒታሎች ውስጥ እንዴት እንደሚገኝና እንደሚያዝም አጥንተዋል። እነዚህን ሥራዎች የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ጉልበት የት እንደሚበቃና የት እንደማይበቃ መለየትን ነው። ጤነኛ ሰው ፔዳል እየመታ ለሰዓታት ሊያወጣ የሚችለው 75 ዋት ያህል ነው፤ በእጅ ሲያዞር ከዚያም ያንሳል። አሥር ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 121 ዲግሪ ለማድረስ፣ የድስቱን ብረትና የሚባክነውን ሙቀት ሳንቆጥር፣ ከ1.2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ለ16 ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት ፔዳል መምታት ማለት ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ማለዳ የሚሮጡት አትሌቶች ተራ ገብተው ቢመቱት እንኳ ከሰል ያሸንፋቸዋል። ብርሃን ላይ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የአንድ ሰዓት ፔዳል ግማሹ በጄኔሬተርና በባትሪ ቢባክን እንኳ ቀሪው አንድ ባለ 4 ዋት የግንባር መብራት ዘጠኝ ሰዓት ያበራል። የደም ኦክስጅን መለኪያማ ከአንድ ዋት በታች ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ሙቀት ለነዳጅ፣ ብርሃን፣ መምጠጥና መለካት ለሰው ጉልበት ይተው ዘንድ ግድ ነው። ይህን ድንበር ያልለየ ፕሮጀክት ለፎቶ እንጂ ለሥራ አይሆንም።

75 ዋት የሚለው ራሱ የወደብ ቁጥር መሆኑም ሊረሳ አይገባም። ዴልፍት ከባሕር እኩል ያለች ከተማ ናት። ከፍታ ያልለመደ ሰው 2,700 ሜትር ላይ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፤ የለመደው ያንሳል፣ የተራበው ደግሞ ይብሳል። ቁጥሩ እዚሁ፣ በእኛ ሰው ላይ መለካት አለበት።

በሰው ጉልበት የሚሠራ የሕክምና ዕቃ የድሃ አገር ማካካሻ ተደርጎ መታየቱ ታሪኩን ካለማወቅ ነው። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ጄምስ ሞሪሰን በእግር የሚረገጠውን የጥርስ መሰርሰሪያ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን በፖሊዮ ስትመታ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተተካኩ በእጃቸው አየር እየጨመቁ ሕሙማንን አተነፈሱ፤ ከአራት ዓመት በኋላ እዚያው ዴንማርክ ውስጥ ሆልገር ሄሰና ሄኒንግ ሩበን የሠሩት በእጅ የሚጨመቀው አምቡ ዛሬም በየወሊድ ክፍላችን አለ። በኋላ ደግሞ በእጅ እየተዞረ የጽንስ የልብ ምት የሚለካው የፍሪፕሌይ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢንዴክስ ሽልማትን አግኝቷል። የእኛው ዋግምት የሚሰለፈው ከዚሁ ተርታ ነው። ባለሙያው ቀንዱን ቆዳ ላይ ደፍቶ አየሩን በአፉ ይመጥና ቀዳዳውን በሰም ይደፍናል፤ ጉልበቱ ሳንባ፣ ቫልቩ ሰም ነው። የሕክምና ዋጋውን ለሐኪሞች ልተወው፤ በዲዛይን ዓይን ግን በአንድ ቁራጭ ቀንድ የተሠራ የመምጠጫ ፓምፕ ነው። ሽሮሜዳ ያለው ሸማኔም እጁን ለመወርወሪያው አስለቅቆ መርገጫውን በእግር ጣቶቹ መሀል ይዞ ድሩን ይከፍታል። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ጉልበት ከእግር ይምጣ የሚለው መርህ ከእንጦጦ ግርጌ በየጓዳው አለ።

የእኛ ተመራማሪ ሊያተኩርበት የሚገባው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ የማን እግር? ሌሊት፣ አንዲት አዋላጅ ብቻዋን በሆነችበት ጤና ጣቢያ፣ በእግር የሚሠራ የመምጠጫ ፓምፕ ቢኖር የሚረግጠው ማን ነው? የአዋላጇ ሁለቱም እጆች ተይዘዋል፤ ቆማ እየረገጠች ሚዛኗን መጠበቅ አትችልም። የቀረው አስታማሚ ነው፤ የምጥተኛዋ እናት፣ ባል ወይም ጎረቤት። ደንግጧል፣ ጋቢውን ወይም ነጠላውን ሰብስቧል፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆሟል። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ቢሆንም በዚያ ሰዓት የሚያነበው የለም። እንግዲህ የዲዛይኑ መነሻ ይህ ሰው ነው። ፔዳሉ ለኮንጎ ጫማ ሶል የሚበቃ ስፋት ይኑረው፤ ወለሉን ቆንጥጦ ይያዝ፤ በዝግታም በፍጥነትም ቢረገጥ ከተወሰነው በላይ እንዳይመጥ ራሱ ይገድብ፤ «እርገጥ፣ ተው» ከሚሉት ሁለት ቃላት ሌላ ትእዛዝ አይፈልግ። ይህን የመሰለ መስፈርት ከአምራች ካታሎግ አይገኝም፤ አንድ ሌሊት ወሊድ ክፍል ደጃፍ ተቀምጦ የሚታይ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ሰሞን በእግር የሚሠራ የእጅ መታጠቢያ በየብየዳ ቤቱ ሲሠራ አይተናል። በኔ ግምት የዘመናችን ሰፊው የዲዛይን ሙከራ እሱ ነበር፤ ሳሙናውንም ውሃውንም በፔዳል ማውረድ ማንም ሳያስተምረው ሁሉም በየፊናው የፈለሰፈው ነው። እንዳየሁት ብዙዎቹ የቆሙት ሐሳቡ ስላላዋጣ አልነበረም። ወይ ሽቦው ተበጠሰ፣ ወይ ስፕሪንጉ ላላ፣ የሚጠግን የሥራ ድርሻ ያለው ሰው ግን አልነበረም። እነዚያ ዝገው ከየበሩ ከመነሣታቸው በፊት ምናቸው ቀድሞ እንደተሰበረ ያጠና ቢኖር ኖሮ የመምጠጫው ፔዳል ጥናት ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር።

ስለ ጥገና ከተነሣ መቀሱን ማየት ይገባል። የቀዶ ሕክምና መቀስ የሚሠራው ስለት እንዲይዝ ተብሎ ከሚጠነክር፣ 13 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ካለው ብረት ነው። አይዝግም ይባላል፤ ዝገትን የሚቋቋመው ግን ከወጥ ቤት ማንኪያ ባነሰ ሁኔታ ነው። ለዓመታት በየጤና ተቋሙ የኖረው ልማድ መሣሪያውን ከሥራ በኋላ በ0.5 በመቶ በረኪና መዘፍዘፍ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከማጠብ በፊት በኬሚካል መዘፍዘፍን አይመክርም፤ ደሙ ኬሚካሉን ያዳክመዋል፣ ኬሚካሉም ብረቱን ይበላዋል። በአንድ ጤና ጣቢያ የማምከኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ሲስተር መቀስ ከፍታ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አሳየችኝ። ስለቱ ያበራል፤ ሁለቱ ክንፎች በሚገናኙበት ብሎን ዙሪያ ግን ቡና የፈሰሰበት የመሰለ ቀለበት አለ። የቁስል ፋሻ ስትቆርጥበት ግማሽ ድረስ ሄደና ፋሻውን ጥርስ እንደሌለው ድድ አኘከው። «እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ አዲስ ይምጣ ይላል፤ አዲሱም በወሩ እንዲህ ነው» አለችኝ። ለእኔ ይህ ዓረፍተ ነገር ሙሉ የጥናት ርእስ ነው። ያለ መፍቻ ተከፍቶ የሚታጠብ መገጣጠሚያ ያለው መቀስ ቢሠራ ችግሩ ከግዢ ወደ ማጠቢያ ገንዳ ይመለስ ነበር።

ዛሬ የዓለምን የቀዶ ሕክምና የእጅ መሣሪያ በብዛት የሚያመርተው የፓኪስታኑ ሲያልኮት ነው፤ ከጀርመኑ ቱትሊንገን ጋር ስሙ አብሮ ይጠራል። ስለ ሲያልኮት አጀማመር የሚነገረው ታሪክ ለእኛ ትምህርት አለው፦ የሚሲዮን ሆስፒታል ሐኪሞች የተሰበረ መሣሪያቸውን ለከተማው አንጥረኞች ሰጡ፤ አንጥረኞቹ ጠገኑ፣ ከዚያ አስመስለው ሠሩ፣ ከዚያ ላኩ። ሰበታና ቡራዩ ውስጥ የብረት በር፣ የጋሪ አክስልና የባጃጅ ሻሲ የሚበይዱ እጆች ሞልተዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ ቁራሌው የሰበሰበው ቆርቆሮ በማግሥቱ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ተነሥቶ «መቀሱን እነሱ ይሥሩት» የሚል ካለ ግን አልስማማም፤ የመኪና ባሌስትራ የሰው ሆድ ውስጥ አይገባም። ከመሳልና ከመጠገን፣ ከመያዣ ሣጥንና ከፔዳል ይጀመር። የብረቱ ዓይነት በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ ስለቱ ለሌላ ይቆይ።

የዲዛይን ጥናቱን ማን ይምራ ለሚለው መልሱ ቡራዩ አጠገብ ያለ ይመስለኛል። በአምቦ መንገድ ታጠቅ ላይ የፌስቱላ ታካሚዎች የሚያገግሙበት ደስታ መንደርና እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው የሐምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ይገኛሉ። ፌስቱላ የመሣሪያ ታሪክ ያለበት በሽታ ነው፤ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የማሕፀን ምርመራ መክፈቻ አሜሪካዊው ማሪዮን ሲምስ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ያዳበረው በባርነት የተያዙ ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ቀዶ ነው። አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ የሚባሉት ሴቶች ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። በዚሁ ሕክምና አዲስ አበባ ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው። ታካሚ ሆና የመጣችው ማሚቱ ጋሼ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራት፣ ከሐኪሞቹ ሬጅናልድና ካትሪን ሐምሊን ጎን ቆማ መሣሪያ ከማቀበል ተነሥታ ራሷ የምትቀድ ባለሙያ ሆነች። መሣሪያ ሲቀበል ብቻ ሳይሆን ሲያቀብል የኖረ እጅ ዕቃው የቱ ጋ እንደሚከብድ ያውቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተማሪዎች፣ የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪዎችና የታጠቅ አዋላጆች በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ሦስቱም የማያውቁት አንድ ነገር ይኖራል፤ ጥናት የሚባለው እሱን መፈለግ ነው።

እስከዚያው ግን ሳይዘገይ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ሱሉልታ ውስጥ በግፊት መለኪያ የሚሠራ ድስት ያላችሁ፣ የጥገና ባለሙያ ጥሩና የድስቱንና የመተንፈሻ ቫልቩን አቅም አስመርምሩ። የሚችል ከሆነ የመለኪያው መስታወት ላይ 132 ኪሎፓስካል (205 ሲቀነስ 73) ጋ ቀይ መስመር ይሰመር። የማይችል ከሆነ ቫልቩን አትንኩት፤ ሰዓቱን አርዝሙ፣ ውጤቱንም በባዮሎጂካል ምርመራ አረጋግጡ።