በደብረ ታቦር ደጋ የመማሪያ ክፍል አየርና ሙቀት፦ ታሪካዊ ቅኝት

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። በቅርብ ርቀት ያለው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በማለዳ ወደ ክፍል የገባ ተማሪ በርና መስኮቱን ዘግቶ ቢቀመጥ አይፈረድበትም። ይሁንና ብርድን ለመከላከል የተዘጋው መስኮት በትንፋሽ ለሚተላለፉ በሽታዎች ምቹ ሁኔታን ይፈጥራል። ይህ ችግር በአካባቢው ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት የነበረ ነው።

የአብነት ተማሪው ጎጆ

ደቡብ ጎንደር በቤተ ክህነት ትምህርት ስመ ጥር ነው። በጋይንት ቤተ ልሔም ለድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዋነኛ የትምህርት ማዕከላት ናቸው። የአብነት ተማሪ ቀን ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ስለሚማር የንጹሕ አየር እጥረት አያገኘውም። ችግሩ የሚመጣው ሌሊት ነው። ጎጆው ጠባብ ሲሆን፣ አየር የሚያስገባው አንድ በር ብቻ ነው። የሣር ክዳኑ ሙቀት ይይዛል፤ ጢሱንም ቀስ በቀስ ያስወጣል። ነገር ግን ብርድን ለመቋቋም ተጠጋግቶ መተኛትና በአንድ ልብስ መክረም ቅማልን ያራባል። የግርሻ ትኩሳትና ተስቦ በአብነት ተማሪዎች ዘንድ ተደጋግመው የታዩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት አውሮፓውያን ባለሙያዎች ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች የእጅ ሙያ አስተምረዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያቀኑ ከተማዋን አቃጠሏት። ሣር ክዳን ለእሳት ምን ያህል የተጋለጠ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተስፋፋው የባሕር ዛፍ ማገርና የቆርቆሮ ክዳን እሳትንና ዝናብን በመከላከል ረገድ ትልቅ እርምጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታም በአገሪቱ በርካታ ክፍሎችን አስገኝቷል። ሆኖም ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ማለዳ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ በእኩለ ቀን ደግሞ ይግላል። ተማሪው መስኮቱን የሚዘጋው ከጣሪያው የሚያመልጠውን ሙቀት ለማካካስ ነው።

የአየር ሳይንስ ምን ይላል?

ጀርመናዊው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር እ.ኤ.አ. በ1858 በክፍል ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየሩ አንድ ሺህኛ እጅ እንዳይበልጥ መክሯል። ይህ መለኪያ ዛሬም ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከፍ ያለ ጣሪያና ሰፋፊ መስኮት ያላቸው የቀድሞ ሕንፃዎች መስኮታቸው ሲከፈት፣ በማሽን አየር ከሚለወጥባቸው አዳዲስ ክፍሎች የተሻለ የአየር ለውጥ ነበራቸው።

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ጉዳዩ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 የተከሰቱት የማጅራት ገትር ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው ከአርባ ሺህ በላይ ሰዎችን አጥቅተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የተሰጠው ክትባት የኤ ዓይነቱን ገትቷል፤ ሌሎቹን የባክቴሪያው ዓይነቶች፣ የሳንባ ነቀርሳንና ኩፍኝን ግን አይከላከልም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ-19 ሳቢያ ሲዘጉም የክፍል አየር ጉዳይ እንደገና ተነሥቷል።

ያለ ማገዶ የሚገኝ ሙቀት

አንድ የተቀመጠ ሕፃን 60 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። በመሆኑም 50 ተማሪዎች በአንድነት ሦስት ኪሎዋት ይሰጣሉ፤ ይህም ከአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር የሚቀራረብ ነው። ኮርኒስ ቢሠራና ጣሪያው ይህን ሙቀት ቢይዝ፣ ከግድግዳው በላይኛው ክፍል ትይዩ የሆኑ መስኮቶችን ከፍቶ መማር ይቻላል። በበጋ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ የክፍሉ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሆኖ ሰፊው መስኮት ወደ ደቡብ ቢዞር ያለ ወጪ ሙቀት ይገኛል። ድንጋይና ወፍራም የጭቃ ግድግዳም የቀኑን ሙቀት ያቆያሉ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት በተለይ በጋይንት በኩል የደረሰው ጦርነት በትምህርት ቤቶች ላይ ጉዳት አድርሷል። የፈረሰው ሲጠገን የቀድሞው ስሕተት አብሮ እንዳይገነባ የጤና ባለሙያው ድምፅ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት ጉብኝት የመጸዳጃ ቤትና የውኃ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይገባም። መስኮቱ ይከፈታል ወይ፣ ጣሪያው ኮርኒስ አለው ወይ፣ ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት ሲወጡ ክፍሉ ይናፈሳል ወይ ብሎ መጠየቅም የበሽታ መከላከል ሥራ አካል ነው።