ቅድመ ቅጥያ ወይስ ውርስ፦ የወላጅ ኮንስትራክተር ቅደም ተከተል ከየት መጣ?



ኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግ ባስተማርኩባቸው ዓመታት በየክፍሉ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «የልጁ ክላስ ኮንስትራክተር ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የወላጁ ኮንስትራክተር መጠራት ያለበት ለምንድን ነው?» የሚል። የተለመደው መልስ «የቋንቋው ሕግ ስለሆነ» የሚል ነው። ሕግ ግን አመጣጥ አለው፤ አመጣጡን ያላወቀ ሰው ሕጉ ሲጣስ የሚደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ ማየት ይቸግረዋል።

ታሪኩ የሚጀምረው በኦስሎ ነው። በኖርዌይ የኮምፒውቲንግ ማእከል ይሠሩ የነበሩት ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ ነደፉ። ካስቸገሯቸው ምሳሌዎች አንዱ በድልድይ ላይ ቀረጥ ለመክፈል የሚሰለፉ ተሽከርካሪዎች ነበሩ። የጭነት መኪናና አውቶቡስ በጠባያቸው ይለያያሉ፤ ተሽከርካሪ መሆናቸውና መሰለፋቸው ግን የጋራ ነው። የጋራውን አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ ለሁሉም ማዋል የሚቻለው እንዴት ነው? ቶኒ ሆር በ1966 በፈረንሳይ ቪላር ደ ላን ስለ ሪከርድ ክላስና ንዑስ ክላስ ያቀረበው ሐሳብ መንገድ ጠቆማቸው።

መልሱ በሲሙላ 67 ተገኘ፤ የተሰጠው ስም ግን «ውርስ» አልነበረም፤ «ቅድመ ቅጥያ» ነበር። የወላጁ ክላስ ስም ከልጁ ማወጃ ፊት ይጻፋል፤ የሁለቱም አካል ተቀጥሎ አንድ ይሆናል። በሲሙላ ለብቻው የቆመ ኮንስትራክተር አልነበረም፤ ኦብጀክቱ ሲፈጠር የክላሱ አካል ራሱ ይፈጸማል። ስለዚህ በፊት የተቀጠለው የወላጁ ትእዛዝ ይቀድማል፣ የልጁ ይከተላል። ከዚህም በላይ «ኢነር» የተባለው ቃል በወላጁ አካል መካከል የልጁ ትእዛዝ የሚገባበትን ቦታ ያመለክት ነበር፤ ወላጁ ከልጁ በፊትም በኋላም ሥራ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የስያሜውን ነገር ልብ እንድትሉ እሻለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውርስ የሚከፈተው አውራሹ ሲሞት ነው፤ ወራሹ የተረከበውን ይዞ ብቻውን ይቀጥላል። በክላስ ዓለም ግን የሞተ የለም። የወላጁ ክፍል በእያንዳንዱ የልጅ ኦብጀክት ውስጥ ይኖራል፤ ስለሚኖርም መገንባት አለበት። «ውርስ» የሚለው ቃል ይህን ይሸፍናል፤ «ቅድመ ቅጥያ» ግን ቅደም ተከተሉን በስሙ ይናገራል።

ቢያርነ ስትሮስትሩፕ ሲሙላን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1979 በቤል ላብስ የጀመረው ሥራ ሲ ፕላስ ፕላስን አስገኘ፤ ግንባታው ከወላጅ ወደ ልጅ፣ ማፍረሱ ከልጅ ወደ ወላጅ ሆነ። ቤት ከመሠረት ይሠራል፤ ሲፈርስ ከጣሪያ ይጀመራል። የወላጁ ኮንስትራክተር በሚሠራበት ጊዜ ቨርቹዋል ዘዴ ቢጠራ የሚፈጸመው የወላጁ ዘዴ ነው፤ ልጁ ገና አልተገነባምና። ጃቫ በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ጥሪው ወደ ልጁ ዘዴ ይሄዳል፤ ያም ዘዴ ገና ዋጋ ያልተሰጣቸውን መስኮች ሊያነብ ይችላል።

ጃቫ የወላጁን ጥሪ፣ ማለትም ሱፐርን፣ የኮንስትራክተሩ የመጀመሪያ መስመር እንዲሆን ለብዙ ዓመታት አስገድዷል። በ2025 የወጣው ጃቫ 25 ግን ሕጉን አላላው፤ በግንባታ ላይ ያለውን ኦብጀክት እስካልተጠቀመ ድረስ፣ ከጥሪው በፊት የግብዓትን ትክክለኛነት መመርመርና የልጁን የራሱን መስኮች መሙላት ተፈቀደ። አሮጌው ሕግ የተላላው ዓላማው ስለተተወ አይደለም፤ ዓላማው ያልተሟላ ኦብጀክት እንዳይታይ መከላከል ነው፤ አዲሱም ሕግ ይህንኑ ያገለግላል።

ፓይተን ኃላፊነቱን ለጸሐፊው ይተዋል። «የባንክ ሒሳብ» የሚባል ወላጅ ክላስ ቀሪ ሒሳብን ይመሠርታል እንበል። «የቁጠባ ሒሳብ» የተባለው ልጅ የራሱን ኮንስትራክተር ጽፎ የወላጁን ሳይጠራ ቢቀር ኦብጀክቱ ያለ ቅሬታ ይፈጠራል፤ የወለድ መጠኑም አለው። ስሕተቱ የሚገለጠው በኋላ፣ ገንዘብ ገቢ ሲደረግና ቀሪ ሒሳብ ሲፈለግ ነው፤ የተፈጠረበት ቦታና የታየበት ቦታ ይራራቃሉ። አደጋው ያለው በዚህ ርቀት ውስጥ ነው።

ስለዚህ አዲስ ቋንቋ ስትማሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የወላጁን ኮንስትራክተር የሚጠራው ማን ነው? መቼ ይጠራል? በመካከሉ ጎደሎውን ኦብጀክት ማን ሊያየው ይችላል? ዳልና ኒጎርድ የ2001ን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለው በ2002 ሁለቱም አርፈዋል፤ ልጅ በወላጁ ላይ ይቆማል የሚለው ሥርዓታቸው ግን ዛሬም በምትጽፉት ኮድ ውስጥ ይሠራል።