ከደንብ በፊት ትምህርት
የገጠር ጤና ጥበቃ በዩጎዝላቪያ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል

ጦርነት ሰውን የሚፈጀው በጥይት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1915 በሰርቢያ የተነሣው የተስቦ ወረርሽኝ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕይወት ቀጥፏል። ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ የተቋቋመውና ኋላ ዩጎዝላቪያ የተባለው መንግሥትም፣ ከድህነት ጋር ወባን፣ የሳንባ ነቀርሳን፣ ትራኮማንና ቂጥኝን ወረሰ። ከሕዝቡ አብዛኛው ገበሬ ሲሆን፣ ሐኪሙ ግን የሚገኘው በከተማ ነበር።

በ1919 የዚህን አገር የጤና ጥበቃ ሥራ እንዲመሩ የተሾሙት ወጣቱ ሐኪም ዶክተር አንድሪያ ሽታምፓር ናቸው። ከዚያ በፊት በብዙ የአውሮፓ አገሮች የጽዳት ቁጥጥር ከፖሊስ ሥራ እምብዛም የተለየ አልነበረም። ተቆጣጣሪው ይመጣል፤ ጉድፉን ይመዘግባል፤ መቀጮ ጥሎ ይሄዳል። ገበሬው መቀጮውን ከፍሎ ያንኑ የቆሸሸ ውሃ ይጠጣል። ደንቡ ተከበረ፤ በሽታው ግን ከቤቱ አልወጣም።

ሽታምፓር ይህን አሠራር ከሥሩ ለወጡት። በ1926 ባወጧቸው አሥር መመሪያዎች፣ ሕዝብን ማስተማር ሕግ ከማውጣት እንደሚቀድም፣ የሐኪሙ ዋና የሥራ ቦታም ሕዝቡ የሚኖርበት ሥፍራ እንጂ ላቦራቶሪና የምርመራ ክፍል እንዳልሆነ አስገነዘቡ። ሐኪሙ የሕዝብ መምህር እንዲሆንና ኑሮው በበሽተኛው ኪስ ላይ እንዳይመሠረት ጠየቁ። የሕዝብ ጤና ከርኅራኄ ይልቅ የኢኮኖሚ ጥያቄ መሆኑንም አስረዱ።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ አልቀረም። በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ250 የሚበልጡ የጤና ድርጅቶች ተቋቋሙ። በ1927 በሮክፌለር ድርጅት እርዳታ የዛግሬብ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ባለሙያዎቹ ወደ መንደር ወርደው ንጹሕ የውሃ ጉድጓድ፣ ሽንት ቤትና የፍግ ማጠራቀሚያ እንዴት እንደሚሠራ በተግባር አሳዩ። ገበሬዎችም ወደ ትምህርት ቤቱ እየመጡ በተከታታይ ኮርስ ተማሩ። የኪነ ጥበብ ድርሻ የታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የራሱን ፊልሞች እያዘጋጀ በየመንደሩ ያሳይ ስለነበር፣ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ የራሱን ግቢና የራሱን ችግር በሸራ ላይ ተመለከተ። የተነገረውን ሊረሳ ይችላል፤ በዓይኑ ያየውን ግን በቀላሉ አይረሳም።

ይሁንና ጤናን ከገበያ የማውጣት ሐሳብ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። በግል ሕክምና የሚተዳደሩ ብዙ ሐኪሞች ጥቅማችን ተነካ ብለው ተነሡ። ንጉሥ አሌክሳንደር በ1929 ሕገ መንግሥቱን ሽረው ሥልጣንን በእጃቸው ካስገቡ በኋላም፣ ሽታምፓር በ1931 ከሥራቸው ተሰናበቱ። ሰውየው ተወገዱ፤ የተቆፈረው ጉድጓድና የተማረው ገበሬ ግን በቦታቸው ቀሩ።

ሽታምፓር ከዚያ ወዲያ በቻይና ሠሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በጀርመኖች ታሰሩ። በ1948 ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያ ጉባኤውን ሲያካሂድ፣ ሊቀ መንበሩ እሳቸው ነበሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የጽዳት ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ሲያሰማራ፣ የተነሣው ከዚሁ ከተቀራረበ እምነት ነው። ቁጥጥር ፍሬ የሚሰጠው፣ ተቆጣጣሪው ከመቀጮ ደብተሩ በፊት ዶማና እውቀት ይዞ ሲመጣ ነው።